ጉሮሮ የሚይዘው ዘይት

«ንገሪኝ እያልኩሽ ነው! ኬክ ቤቱ ነው? ወይስ ጥጉ ላይ ያለችው ድንች ጠባሽ? በየት በኩል ገባ? ቅባት እኮ እግር የለውም። ቁልፍ የለውም። በር ከፍቶ አይገባም። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ነው ያስገባው!»

አደራ ይሄን በአፍንጫችሁ አንብቡልኝ። ሰውዬው ሲናደድ ድምፁ ጉሮሮውን ትቶ በአፍንጫው ነው የሚወጣው፤ ጉንፋን የያዘው ዳኛ ነው የሚመስለው። በዛ ላይ ካቻቢቴውን እንደ ጣት ቀስሮታል።

ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ ትሰፋለች። ቀና እንኳ አላለችም። «እኔ የበላሁት አንተ የበላኸውን ነው። ድስቱ አንድ፣ ማንኪያው ብቻ ሁለት።»

«ታዲያ ይሄስ?» ወረቀቱን አፍንጫዋ ስር አርገፈገፈው። ጠዋት ከላብራቶሪ የመጣ ነው። «ሦስት ወር ሙሉ የወይራ ዘይት! ሦስት ወር ሙሉ ቅቤ የለ፣ ምን የለ! እና መጥፎው ቅባት ወረደ? ጭራሽ ወጣ! መቶ ሰባ ሁለት! አንቺ ደረጃ መውጣት ያቅትሻል፣ ቁጥርሽ ግን እየሮጠ ይወጣል!»

እኔ ስኳር ልበደር ገብቼ፣ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀርቻለሁ። ጨዋ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ሆኜም በግድግዳው መስማቴ አይቀርም፤ ታዲያ እዛው ቆሜ ብሰማ ምን ይጎድላል?

ይሄ ሰውዬ ማነው ላላችሁ፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ከፎቁ ስር፣ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ሱቁ ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ቤቱ። ሰፈሩ «ጋሽ ጠርጥር» ይለዋል፤ ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር የሚለውን ተረት የተረተው እሱ ነው እስኪባል። ስሙን ሲሰማ አይቆጣም። «ማነው ያወጣልኝ? ምን ፈልጎ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

«ደህና አደሩ ጋሼ» ብትሉት፣ «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» ነው መልሱ። ዳቦ ሻጯ አንድ ቀን ደስ ብሏት አንድ ዳቦ መረቀችለት። ቤት ወስዶ ለሁለት ሰነጠቀውና ውስጡን በባትሪ አየው። ፎቶ ሲነሳ «ከኋላዬ ማነው?» ብሎ ስለሚዞር፣ የሱ ፎቶ በሙሉ ማጅራት ነው።

እጁን ግን አልዋሽም። ሞቷል የተባለ መኪና ያስነሳል። ጆሮውን ያስጠጋና መዘውሩን አንዴ ዞር አድርጎ፣ «ጉሮሮዋ ደርቋል» ይላል። ዘይት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሃይማኖት አለው። «ጥሩ ዘይት ማለት» ይላል፣ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ እያሻሸ፣ «የሌለ የሚመስል ዘይት ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ዘይት ከሸተተ የሚደብቀው ነገር አለ።»

መኪናዋን የምግብ ዘይት አጠጥታ ያመጣች ሴት አለቀላት። የምግብ ዘይት ብረት ላይ ሲከርም ሙጫ ይሆናል፣ ብረቱን ከብረት ያጣብቀዋል። ቀኑን ሙሉ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ይውልና፣ ሴትየዋ ስትመጣ በዛች አፍንጫው፣ «እመቤቴ፣ ሊሰፉባት ነው ወይስ ሊጠብሷት?» ይላታል።

ይቺን የሙጫ ነገር ያዙልኝ። የመጣው ጣጣ ሁሉ ከሷ ነው።

ሚስቱን እኔ እትዬ ነው የምላት። ከሦስት ወር በፊት ዩኒፎርም ልታደርስ ወጥታ፣ አንዱ ደረጃ ላይ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። እኛ ሮጥን። እሱ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ነበር የደረሰው፤ ነጠላ ጫማውን አንዱን የት እንደጣለው እስካሁን አልታወቀም። እናቷም ታላቅ ወንድሟም ስልሳ ሳይሞላቸው በልብ ነው የሄዱት። ይሄን እሷ አታነሳም፣ እሱ ግን አንዲት ቀን አይረሳም።

ሐኪሟ ደክሟት የምትቸኩል ሴትዮ ናት። እኔም አብሬ ገብቼ ስለነበር ቃል በቃል ይዣታለሁ፦ «እናት፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ቅቤና የሚረጋውን ዘይት ይተዉልኝ፤ በሱ ፈንታ የወይራ ዘይት። በሱ ፈንታ ነው ያልኩት፣ በሱ ላይ ጨምሩ አላልኩም። አትክልት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ዓሣ። በእግር ይሂዱ። በሦስት ወር እንለካው፤ ካልወረደ ልብዎ ያሰጋኛል። የሚቀጥለው!»

እትዬ ታናሽ እህት አለቻት፣ ሆቴል ውስጥ የሰላጣ ክፍል የምትሠራ። በማግስቱ ጥቁር አረንጓዴ ጠርሙስ አንጠልጥላ ከች አለች። ከጥጉ ሱቅ ነው የገዛችው። ማስተማር ስትወድ! «ሽንኩርቱን በለስላሳ እሳት፣ እንዳይጨስ። ምስሩ ሲወርድ ደግሞ አንድ ማንኪያ ከላይ። ቲማቲሙን በሎሚና በሱ። ጠርሙሱን ከምድጃው አርቂው፣ ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋል።»

ጋሽ ጠርጥር ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ሲሰማ ቆየና፣ «እስቲ አቅምሱኝ» አለ። በሻይ ማንኪያ ሰጠችው። አሸተተው፤ የታጨደ ሣር ይሸታል። በጣቶቹ አሻሸው። ከዚያ ዋጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንኳ ሳይቆጠር፦

«እህ! እህህ! እህህህ! ያዘኝ! ጉሮሮዬን ያዘኝ እኮ!»

«ጋሼ፣ ትኩስ ስለሆነ ነው» አለች እህቲቱ እየሳቀች። «ደህናው እንደዚህ ቆንጠጥ ያደርጋል።»

«ጥሩ ነገር ሰው አይቆነጥጥም! የሚሸት፣ የሚቆነጥጥ፣ ጨለማ ጠርሙስ ውስጥ የተደበቀ! ልጄ፣ ይሄ ዘይት አይደለም። ይሄ ክስ ያለበት ሰው ነው።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ምላሱን በመሃረብ ጠረገና ወደ ሥራው ገባ። እኛም አለፈለት አልን። ጋሽ ጠርጥር የጠረጠረው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍለት ይመስል!

በዛው ሰሞን ሌላ ጉድ ታየ። ሰውዬው በነፃ መሥራት ጀመረ። ጫፏ ቀጭን የሆነች የዘይት ጣሳውን ይዞ፣ ፎቁን ከታች እስከ ላይ እየዞረ የሰው በር ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል። ማንም ሳይጠይቀው! ሦስተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት በሯን በሰንሰለት ያዝ አድርጋ፣ «ምነው ጋሼ፣ ምን ተገኘ?» አለችው። ጥርጣሬን ያስተማረን እሱ፣ የመጀመሪያ ተጠርጣሪያችንም እሱ ሆነ። የኔ በር ድሮ ስወጣና ስገባ ለሰፈሩ ሁሉ እያዛጋ ያሳብቅብኝ ነበር፤ ጸጥ አለ። ሣር ሣር የሚል ነገር ሸተተኝ። ዝናብ ስለነበር ከደጅ ነው አልኩ።

እትዬም አንድ ቀን፣ «ይሄ ዘይት መጀመሪያ ያስለኝ ነበር፤ አሁን ለመድኩት መሰለኝ፣ ምንም አይለኝም» አለችኝ። ደግሞ ብርድ የሆነ ጠዋት ጠርሙሱን ብትዘቀዝቀው አልፈስ አላት። እኔ አዋቂዋ ምን አልኩ? «እሰይ! እውነተኛ የወይራ ዘይት ብርድ ላይ ይረጋል ሲሉ ሰምቻለሁ።» እሷም ደስ ብሏት፣ ጤና ነው ብላ ከበፊቱ አብዝታ ታንቆረቁረው ጀመር። አፌን በቆረጠው!

እንግዲህ ወደ ጠቡ ልመልሳችሁ። ካቻቢቴው እንደተቀሰረ ነው። «ኬክ ቤት! ያቺ ነጭ በነጭ የለበሰችው ልጅ ስታይሽ ለምንድነው የምትስቀው? ለማታውቂው ሰው ይሳቃል?» ሲል እህቲቱ ከሥራ መለስ ብላ ገባች፤ አዲስ ጠርሙስ ይዛ። ወረቀቱን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም ሳትል ከመደርደሪያው ላይ አሮጌውን ጠርሙስ አንስታ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ደግማ ላሰች።

«ይሄ የኔ ዘይት አይደለም።»

«ምን?» አለች እትዬ።

«አይሸትም። አይመርም። አያስልም። ይሄ ያ በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠው፣ የሚረጋው ዘይት ነው።»

«እንዴ፣ ብርድ ላይ እኮ ረግቶ ነበር፣ እውነተኛ ነው!» አልኩ እኔ።

«ብርድ ላይ ብዙ ዘይት ይረጋል። ቅቤም ይረጋል። ቅቤም ወይራ ነው በይኛ!»

እትዬ ኮሌታውን ወርውራ ተነሳች። «ባለሱቁ! ያ በጥርሱ የሚያቆላምጥ ባለሱቅ! በኔ ልብ ይጫወታል? አሁን ሄጄ ጠርሙሱን እፊቱ ነው የምከሰክስለት፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስማ!» ጫማዋን ታደርጋለች። የምሯን ነው። ደግሞ አንዴ ሰፈር ውስጥ «ዘይት ቀያጭ» ከተባልክ፣ ሱቅህን ሸክፈህ መሄድ ነው።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ባለሱቅ ሲጠረጠር ከሁሉ ቀድሞ መጮህ የነበረበት ሰውዬ፣ ጭጭ። ካቻቢቴው ወረደ። ጥግ ላይ ያለች አንዲት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጠብቆ የታሰረ ብሎን ያጠብቃል። ጋሽ ጠርጥር ሰው ሳይጠረጥር ሲቀር፣ ያኔ ነው መጠርጠር።

እህቲቱ «ቆይ እስቲ፣ ከመጮህሽ በፊት ልዩነቱን አሳይሽ» ብላ አዲሱን ጠርሙስ ከፈተችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሣር። የታጨደ እርጥብ ሣር።

«እንዴ!» አልኩ። አፌ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። «ይሄ እኮ የኔ በር ነው!»

እሱን ትተን ሦስታችንም ወደ ኔ በር ሄድን። እህቲቱ የላይኛውን ማጠፊያ በጣቷ ጠረገችው። ጥቁር፣ አቧራ የጠጣ፣ የሚለጠፍ ነገር ሆኗል። አሸተተችው። ከስሩ ገና ያልደረቀ ጠብታ ነበረች፤ ፈጣሪ ይመስክር፣ እሷን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ አሳረፈቻት።

«እህ! እህህ! ያው ነው! የኔ ዘይት ነው!»

ስንመለስ ጋሽ ጠርጥር ሁለት ስስ ብረቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ጠበቀን። ራሱን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ምስክር አስመስሎ ቆሟል። «ሳትጮሁ እዩ» አለ። «ይሄኛው ላይ የእህትሽን ዘይት ጠብ አደረግኩ። ይሄኛው ላይ የጀሪካኑን። ሁለት ሳምንት መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ንኪ። ይሄ ምንድነው? ሙጫ! ይሄስ? እንደፈሰሰ ነው፣ ጣት አይዝም። እንግዲህ የቱ ነው ደም ስር የሚደፍነው?»

«እና ቀየርከው» አለች እትዬ።

«ቀየርኩት። ሦስቱንም ጠርሙስ። ያንን መድፋት ደግሞ ነውር ነው፤ ለስፌት መኪና አይሆንም፣ ለበር ይሆናል ብዬ…»

«ታዲያ ኬክ በላሽ ያልከኝስ?»

«ዘይቱ ደህና መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሞላሁት። ዘይቱ ካላጠፋ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

አያችሁ ጭንቅላት? ዓለምን ሁሉ ጠርጥሮ ጠርጥሮ፣ አንድ ሰው ብቻ ረስቷል።

እትዬ ጫማዋን አወለቀች። ድምፅዋ ወረደ። «እኔ መኪና ነኝ?»

«አይደለሽም። መኪና ብትሆኚማ መቼ እፈራ ነበር? መኪና ብትሆኚ ከፍቼ አይሽ ነበር።» በአፍንጫው አልነበረም ያወራው። ይቺን ንግግሩን ላስመስላት ሞክሬ አልሆነልኝም። «እናትሽን አይቻለሁ። ወንድምሽን አይቻለሁ። ያ የሚለጠፍ ነገር ውስጥሽ ሲጋገር እያየሁ ዝም ልበል?»

እህቲቱን አላምንም ስላለ፣ በማግስቱ ብረቶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያዘና ሐኪሟ ጋ ሄድን። ሐኪሟ ጥድፊያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳች። ብረቶቹን በጣቷ ነካች። «አባት፣ ሙከራዎ ጥሩ ሙከራ ነው፤ ለብረት። የማይደርቅ ዘይት ብረት አያጣብቅም፣ እውነት ነው። ደም ስር ግን የሚደፈነው ዘይት ፀሐይ ላይ እንደ ቀለም እየደረቀ አይደለም። ያ የሚረጋው ቅባት ሲበዛ ነው መጥፎው ኮሌስትሮል ደም ውስጥ የሚበዛው። ለመኪና ታማኝ የሆነው ለሰው ታማኝ አይደለም።» ወደ እትዬ ዞረች። «እርስዎም ደግሞ፣ የወይራ ዘይት ተአምር እንዳይመስልዎ። ዘይት ነው። በማንኪያ እየለኩ እንጂ እንደ ውሃ አይደለም። ሌላ ሦስት ወር።»

በሩ ጋ ስንደርስ፣ «ይቺ ሐኪም ወይራ ዘይት የሚሸጥ ዘመድ ይኖራት ይሆን?» አለኝ በሹክሹክታ።

እትዬ ሁለት ሳምንት አላናገረችውም። አፉን ሊከፍት ሲል ፔዳሉን ትረግጠዋለች፤ ጠጠጠጠጠጠ። ሲዘጋ ታቆማለች። ሲከፍት፣ ጠጠጠጠጠጠ። በነዛ ሁለት ሳምንታት የሰፈሩ ዩኒፎርም ሁሉ ተሰፍቶ አለቀ። እሱ ደግሞ የሰውን በር በነጭ ጋዝ እያጠበ ከታች እስከ ላይ ዞረ፤ የኔ በር ለሁለት ቀን የምድጃ ነዳጅ ሸተተ። ባለሱቁ ጋ ሄዶም «ይቅርታ» አለው። ባለሱቁ ምንም ነገር ስላልሰማ፣ «የምን?» አለው። «እንኳን አልሰማህ» ብሎት ወጣ። አሁን ባለሱቁ ነው የሚጠረጥረው።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ቢገቡ መግቢያው ላይ ሳል ነው። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው። ካሳለው፣ «ይለፍ» ይላል። አንዴ አንዱ ጠርሙስ ሳያስለው ቀረ፤ ሲያሸተው አሮጌ ሻማ ሻማ አለው፣ ቆይቶ የተበላሸ ነበር። አንጠልጥሎ መለሰው። ድስቱ ላይ ሲጨመር ጎንበስ ብሎ ዘይቱን ከማንኪያው ጠርዝ ጋር ያስተካክለዋል፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ምስሩን በሱ፣ የተቀቀለውን ድንች በሱ፣ ዓሣ የተገኘ ቀን ዓሣውን በሱ። ቅቤ ከቤቱ ወጥቷል፤ ጀሪካኑም ወጥቷል፣ ለኔ ሊሰጠኝ ነበር፣ «እኔስ ልብ የለኝም?» አልኩት። ማታ ማታ ሳይመሽ በእግር ይሄዳሉ። እሷ ፊት ፊቷን፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላ፣ ኬክ ቤቷ ጋ ሲደርሱ በእሷና በመስታወቱ መካከል ይገባል።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም?» ትለዋለች።

«አንቺን አይደለም፤ ኬኩን ነው የምጠረጥረው።»

ትናንት ሦስት ወሩ ሞላ። ወረቀቱን እሱ ነው የተቀበለው። አላመጣውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅነው። እትዬ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት አራት ጊዜ በምላሷ አረጠበችው፤ እናቷን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ ነው የሚነበበው። በመጨረሻ መጣ፤ ላብ በላብ ሆኖ።

«የት ነበርክ? ምን አለ?» አለችው።

«ስምሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኳቸው። ደሙን የቀዳችውን ልጅ ጠርቼ ጠየቅኳት። የሌላ ሰው ወረቀት ነው አልኳቸው። የሷ ነው አሉ። መዝገብ አውጡ አልኩ፣ አወጡ። ዘበኛ ጠሩብኝ።»

«ለምን? ምን ሆኖ ነው? ተናገር እንጂ!»

«ወርዷላ!» አለ በአፍንጫው፣ ሰው የሞተበት መስሎ። «በጣም ነው የወረደው። እንዲህ በአንድ ጊዜ ጥሩ ነገር… እኔ እንጃ። ሐኪሟ መድኃኒቱም ረድቷል፣ ምግቡም ረድቷል አለች። ሳቀች ደግሞ። ሐኪም ምን ያስቃታል?»

እትዬ ራሷን መኪናው ላይ ደፋች። ታልቅስ ትሳቅ አላወቅኩም፤ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገና፣ እያለቀሰች እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ከስር አያት።

ዛሬ ጠዋት ልጨርሰው ብዬ ሄድኩ። «ስንት ሆነ ጋሼ? ከመቶ ሰባ ሁለት ወደ ስንት?»

«መቶ ሃያ…» ብሎ ቆመ። እጄን አየ። «ምን እየሠራሽ ነው አንቺ?»

«እየጻፍኩ ነዋ።»

«ቁጥሩን?»

«አዎ፣ ቁጥሩን።»

«ሰርዥው! እንዲህ ሜዳ ላይ ተጽፎ ሲወርድ የታየ ነገር አይበረክትም። ገና ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ልኬት አለባት። ደግሞ ለማን ነው የምትጽፊው? ማነው የሚያነበው? ባለሱቁ ነው? እሷ ተሽሏት ቁጭ ብላ ትሰፋለች፤ አትነካኩብኝ። በቃ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። አስቀምጪ አልኩሽ እኮ! ይሄንንም ጻፍሽው?»